ከሥሩ የነቀዘ በረዶ

ድምፁን በምን ልግለጸው? ሙሉ ጆንያ እህል ከትከሻ ወርዶ መሬት ሲመታ እንደሚሰማው ነው። «ውምፍ» ይላል። ጩኸት አይደለም። ከጆሮ ይልቅ በእግርና በሆድ ይሰማል። ወዲያው የቆምኩበት በረዶ እኔን እንደያዘ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ። ሃያ ሜትር ገደማ ራቅ ብላ ማንም ያልነካት አንዲት ትንሽ ጥድ ነበረች። እሷም ቅርንጫፎቿ ላይ የተከመረውን በረዶ ድንገት አራገፈችው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት የዚህ አገር ክረምት አልፏል። ያን ቀን ማንም አልተጎዳም። የበረዶ ናዳም አልመጣም። ለሰው ስነግረው «ታዲያ ምን ሆናችሁ?» ይለኛል። ምንም አልሆንንም። ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። የሌሊት ተረኛ ስሆን ወይም ልጄን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ያቺ ጥድ ትመጣብኛለች። ብቻዋንም አትመጣም። ያን ቀን ጠዋት ያየሁትንና ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ይዛ ነው የምትመጣው።

ብርቱካናማው ካርታ

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። እዚህ ያለን አበሾች ተራራውን በየቀኑ እናየዋለን። ሃቫና መንገድ ላይ እንጀራ ልንገዛ ስንወጣ በስተምዕራብ ነጭ ሆኖ ተደርድሮ ይታያል። በክረምት ግን ብዙዎቻችን አንወጣውም። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ ብርድ አለ። እኔም ስምንት ዓመት ስኖር መንገድ ዳር ቆሜ ፎቶ ከመነሳት አልፌ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው የአክስቴ ልጅ ሲመጣ ነው። ጋሼ ነው የምለው፣ ብዙ ዓመት ይበልጠኛል። የደባርቅ ልጅ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ሰሜን ተራሮች ላይ ቱሪስት ሲመራ ኖሯል። ግጭን፣ ጨነቅን፣ ቧሂትን እንደ ቤቱ ጓዳ ያውቃቸዋል። አፓርታማ ውስጥ ሲቀመጥ ግን የታሰረ ሰው ነው የሚመስለው። መስኮቱ ጋ ቆሞ ተራራውን ያያል። አንድ ቀን «ይሄን እያያችሁ እንዴት ዝም ብላችሁ ትኖራላችሁ?» አለኝ። አንጀቴን በላኝ። «በቃ እንወጣለን» አልኩት።

አራት ሆንን። እሱ፣ እኔ፣ የሥራ ባልደረባዬና ባሏ። ባልደረባዬ ፈረቃዋን ለመቀየር ሦስት ሳምንት ስትለምን ከረመች። ባሏ የታክሲ ሾፌር ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ዋና የገቢ ቀኑ ናት። ቅዳሜን ተዋት። ስኖውሹ የሚሉትን፣ በረዶ ውስጥ እንዳንሰምጥ ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ሰፊ መራመጃ ተከራየን። የመረጥነው ቦታ በርቱድ ፓስ ይባላል። 3,446 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ድረስ መኪና ይወጣል፤ ከዚያ በእግር ነው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ሆኜ እየጠበቅኳቸው ነበር። የቀኑን አየር ልመልከት ብዬ ስልኬን ስከፍት የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል ያወጣውን ትንበያ አገኘሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ በክረምት በየቀኑ የትኛው ተራራ ምን ያህል እንደሚያሰጋ በካርታ ያሳያል። እኛ የምንሄድበት ቦታ ብርቱካናማ ነበር። ከ5 ደረጃ 3ኛው። ከሥሩ አጭር ማብራሪያ አለ። የታችኛው የበረዶ ንጣፍ ደካማ ነው፣ በእግር የሚሄድ ሰው ሊቀሰቅሰው ይችላል፣ ከዳገቱ ሥር ወይም ራቅ ብሎ ቢቆምም እንኳ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ባልደረባዬ ቴርሞሷን ይዛ እየሳቀች መጣች። «ቡናው እስከ ማታ አይቀዘቅዝም!» አለችኝ። ስልኩን አጠፋሁት።

ለምን እንዳጠፋሁት ብዙ አስቤበታለሁ። ፈርቻለሁ፣ እሱን አልክድም። ግን ከናዳው ይበልጥ የፈራሁት የሰዎቹን ፊት ነው። ፈረቃዋን ለምና የቀየረችውን፣ የቀን ገቢውን የተወውን፣ ሳምንቱን ሙሉ ጫማውን ሰም ሲቀባ የከረመውን ጋሼን። «ቀናችንን አበላሸችው» እንዳይሉኝ። ይሉኝታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ለራሴም ምክንያት ደረደርኩ። 3 ከ5 መካከለኛ ነው። ናዳ የስኪ ሰዎች ጣጣ ነው፤ እኛ በእግር ነው የምንሄደው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋሼ አለ። ዕድሜውን ተራራ ላይ የጨረሰ ሰው እያለ እኔ ማን ነኝ ስለ ተራራ የማወራው?

«እኔ ይሄን አላውቀውም»

ለአንድ ሰዓት ያህል በጥዶቹ መሃል ሄድን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጋሼ ከፊት ነው፤ አካሄዱ ተመልሶለታል፤ ወጣት መሰለ። ከእኛ በፊት የሄዱ ሰዎች ዱካ አለ፣ እሱን ተከትለን ነው የምንሄደው። የዱካው ነገር ይገርመኛል። ማን እንደሄደ፣ መቼ እንደሄደ፣ በሰላም ይመለስ አይመለስ አናውቅም፤ ግን ዱካውን ሳይ ልቤ እርፍ አለ።

የመጀመሪያው «ውምፍ» የመጣው ሜዳ የሆነ ቦታ ላይ ነው። ባልደረባዬ «ወይኔ!» አለች። ባሏ ሳቀና «በረዶው እየተመቻቸ ነው» አላት። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ጠዋት ሁለት ጊዜ ያነበብኩት እኔ። ጋሼ ቆም ብሎ ወደ እግሩ አየ፣ ምንም ሳይል ቀጠለ።

ሁለተኛው ጥዷን ያራገፈው ነው። ከዛፎቹ ወጥተን ከአንድ ሰፊ ገላጣ ዳገት ሥር ደርሰን ነበር። ዱካው ዳገቱን አቋርጦ ይወጣል። ድምፁ እንደመጣ ከጋሼ እግር ሥር ቀጭን ስንጥቅ ተነስቶ በበረዶው ላይ ወደ ዳገቱ ሄደ። በቢላ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ጋሼ እጁን አነሳ። «ቁሙ» አለ። ማንም ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

ዱላውን ገልብጦ በእጀታው በኩል በረዶው ውስጥ ወተወተ። መጀመሪያ አልገባ አለው። ገፋ ሲያደርገው ድንገት ሲጥ ብሎ እስከ መሬት ሰመጠ። አወጣውና ሌላ ቦታ ሞከረ። ያው ነው። ተንበርክኮ በእጁ መቆፈር ጀመረ። ላይኛው እንደ ጣውላ ደርቋል፤ በቁራጭ በቁራጭ እየሰበረ ያወጣዋል። ከሥር ያለው ግን በረዶ አይመስልም። ዘግኖ አሳየን። እንደ ጥሬ ጨው ፍሬ ፍሬ ነው። ጨብጦ ሊያድበለብለው ሞከረ፣ አልያያዝ አለው። በጣቶቹ መሃል ሾልኮ ፈሰሰ። ጓንቱን አወለቀና በባዶ እጁ ደገመው። አሁንም ፈሰሰ።

ቀና ብሎ ዳገቱን ለረጅም ጊዜ አየው። እኛ ፍርዱን እንጠብቃለን።

«እኔ ይሄን አላውቀውም» አለ።

የባልደረባዬ ባል «እንዴ ጋሼ! አንተ ተራራ አላውቅም ካልክ ማን ሊያውቅ ነው?» አለው።

«ድንጋይ አውቃለሁ። ገደል አውቃለሁ። ጉም ሲመጣ የት እንደሚቆም አውቃለሁ። ይሄ ሌላ ነው። ጎተራ በለው። ላዩ ደህና ይመስላል፣ ከሥሩ ነቅዟል። በዚህ ላይ ሰው አልመራም።»

ዞረን በመጣንበት፣ ተራርቀን፣ አንድ በአንድ ወደ ዛፎቹ ተመለስን። መኪና ጋ እስክንደርስ ማንም ምንም አላወራም። ቡናውን እዚያው ቆመን ጠጣነው። እንደተባለውም አልቀዘቀዘም።

ወደ ቤት ስንመለስ ኤምፓየር የምትባለውን ትንሽ ከተማ እንዳለፍን አላስቻለኝም። «ጠዋት ትንበያውን አይቼው ነበር» አልኩ። ለደቂቃ ያህል የሞተሩና የሬዲዮው ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ጋሼ ከፊት ወንበር ዞሮ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር። «እኔ ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ መመለስ ፈልጌ ነበር» አለኝ። «አፍሬ ነው። ተራራ አውቃለሁ ብዬ ይዣችሁ ወጥቼ።» ባልደረባዬም ከጎኔ ሆና «እኔ ሆዴን ሲቆርጠኝ ነበር» አለች። ባሏ ምንም አላለም። እጁን ሰዶ ሬዲዮውን ዘጋው።

አስቡት። ቢያንስ ሦስታችን መመለስ ፈልገን ነበር። ሦስታችንም ለሌሎቹ ስንል ወደ ፊት እየሄድን ነበር።

ጥሬ ጨው ከየት መጣ?

በሚቀጥለው ክረምት ኮርስ ገባሁ። ናዳን ስለማወቅ የሚሰጥ፣ ግማሹ ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ ተራራ ላይ የሚካሄድ። ጋሼ ዘግኖ ያሳየን ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

አስተማሪያችን በረዶውን እስከ መሬት ድረስ ቆፍራ ግድግዳውን በብሩሽ ጠረገችው። የክረምቱ ታሪክ እዚያ ላይ ተጽፏል። እያንዳንዱ ውሽንፍር አንድ መስመር ነው። ታችኛውን ሽፋን ጥቁር ካርድ ላይ በትና በማጉያ አሳየችን። ፍሬዎቹ ትንንሽ ስኒ ይመስላሉ። ውስጣቸው ባዶ፣ ጠርዛቸው የተሳለ፣ ጎናቸው እንደ ደረጃ የተሸነሸነ። ያምራሉ። እርስ በርስ የሚነካኩት ግን በጫፍ በጫፋቸው ብቻ ስለሆነ አይጣበቁም።

አፈጣጠራቸው እንዲህ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ትንሽ በረዶ ይጥልና ሰማዩ ይጠራል። መሬቱ የበጋውን ሙቀት ስለያዘ ከበረዶው ሥር ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል። ከላይ ያለው የሌሊት አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ሊደርስ ይችላል። በመሃል ያለው በረዶ ስስ ነው። ሙቀትና ብርድ በአጭር ርቀት ላይ ሲሳሳቡ ከሥር እንፋሎት ይነሳል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ክብ ክቡን የበረዶ ፍሬ እየበላ ወደ ስኒ ይለውጠዋል። በዝምታ፣ በሳምንታት ውስጥ። ከዚያ ታኅሣሥና ጥር ላይ ከባዱ በረዶና ንፋሱ ይመጣሉ። ንፋስ ከአንዱ ጎን ጠርጎ ሌላው ጎን ላይ ያከማቻል፣ ይጠቀጥቀዋል፣ ያደርቀዋል። ጣውላው ተሠራ ማለት ነው። ጣውላ በጥሬ ጨው ላይ።

እኔ አደጋ የሚመጣው በረዶ ሲበዛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኮሎራዶን ከባሕር ዳርቻዎቹ ተራሮች ይበልጥ ተንኮለኛ የሚያደርገው ግን የመጀመሪያው በረዶ ስስነትና የሌሊቱ ብርድ ነው። ወፍራም በረዶ መሬቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፤ ስሱ አይሸፍንም። የነቀዘው ሽፋን ደግሞ በቶሎ አይድንም። በኅዳር የተሠራ ድክመት እስከ መጋቢት ሊጠብቅ ይችላል።

አስተማሪዋ አንድ ዓምድ በረዶ በመጋዝ ለይታ ቆረጠችና አካፋዋን አናቱ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በእጇ መታች። መጀመሪያ ከእጅ አንጓ ብቻ 10 ጊዜ፣ ቀጥሎ ከክርን 10፣ መጨረሻ ከትከሻ 10። እኛ እንቆጥራለን። አሥር ላይ ምንም የለም። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስተኛው ላይ ላይኛው ክፍል ሙሉውን እንደ መሳቢያ ሾልኮ እግሬ ሥር ወደቀ። ቀስ ብሎ አልተሰነጠቀም፣ አላስጠነቀቀም። «ውምፍ» ያልነው ድምፅ ይኸው ነበር፤ ከጣውላው ሥር ያሉት ስኒዎች እንደ ተርታ ጡብ አንዱ በአንዱ ላይ እየወደቁ፣ መውደቁም ወደ ጎን እየሮጠ። ጥዷ ጋ የደረሰው እሱ ነው። ዳገቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብልበት ቦታ ሲደርስ ጣውላው የሚይዘው ያጣና ይሄዳል። ሜዳ ላይ ቆመህም ከላይህ ያለውን ልትጠራው ትችላለህ።

ዳዊት ላይ አመዳይ በባዘቶ ይመሰላል። ከልጅነቴ ጀምሮ በረዶ ማለት ለእኔ ያ ነበር፤ የተነደፈ ጥጥ፣ ለስላሳ፣ ነጭ። ይኼን ጉድጓድ ካየሁ በኋላ ግን ነጭነቱን ብቻ ማየት አቃተኝ።

3 መካከለኛ አይደለም

ጠዋት ራሴን ያታለልኩበት ቁጥር በጣም ያንገበግበኛል። 3 ከ5። ፈተና ላይ ቢሆን 60 ከመቶ ነው፣ ያሳልፋል። የናዳ ደረጃ ግን እንደዚያ አይነበብም። 3 ማለት ናዳው በራሱ ሊነሳ ይችላል፣ ሰው ከረገጠው ደግሞ የመነሳት ዕድሉ ከፍተኛ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሞተውም በ5 አይደለም። 5 ሲሆን ሁሉም ቤቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሞተው በ3 ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ፣ ዱካ ሲኖር፣ ቀኑ ሲያምር። ሰው በሚሞትባቸው ናዳዎች ደግሞ ከ10 በ9ኙ ገደማ ናዳውን የሚቀሰቅሰው ራሱ ተጎጂው ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው።

ከእኛ ቦታ ብዙም ሳይርቅ ላቭላንድ ፓስ አጠገብ ሺፕ ክሪክ የሚባል ሸለቆ አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2013 ስድስት ሰዎች እዚያ ሄዱ። ልምድ ያላቸው ናቸው፣ መሣሪያ አላቸው፣ ትንበያውንም ያውቁታል። የቀኑ ደረጃ 3 ነበር። የሚያሰጋውን ዳገት ሸሽተው ከሥሩ ሊያልፉ ሲሉ ከላይ ተንዶ ስድስቱንም ያዛቸው። አንድ ሰው ተረፈ። ስለዚህ «ጀማሪ ስለሆንን ነው» ብዬ እንኳ ልጽናና አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. በ2020-21 ክረምት ደግሞ በመላው አሜሪካ 37 ሰው በበረዶ ናዳ ሞቷል፤ 12ቱ ኮሎራዶ ውስጥ ነው።

እኛ ያን ቀን የያዝነው ቡናና ዳቦ ነበር። የተቀበረን ሰው የሚፈልገው የሬዲዮ መሣሪያ፣ በረዶ ውስጥ የሚሰካው ረጅም ዘንግ፣ አካፋ፣ አንዱም አልነበረንም። የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ከ10 ሰው 9ኙ ይተርፋል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ከ3ቱ አንዱ ገደማ ነው የሚተርፈው። ተደውሎ እርዳታ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት የትም አይደርስም። ባልደረባዬን በእጆቼ ስቆፍር ስንት ጊዜ አልሜአለሁ።

ኮርሱ ላይ መጀመሪያ የተነገረን ደግሞ ለመቆፈር ከመሮጣችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ከላይ ምን እንደቀረ እዩ የሚል ነው። ያኔ ጎፋ ትዝ አለኝ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ገዜ ጎፋ ላይ የዝናብ ናዳ ሰዎችን ቀበረ፤ ጎረቤት ሊያወጣቸው ሮጦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጥቶ ብዙዎቹን እነሱንም ወሰደ። ከ200 በላይ ነፍስ። እዚያ የወደቁት ሰዎች በደግነት ነው የሞቱት፤ ሌላ ሰው እንዴት ሊቆም ይችል ነበር? ክፍል ውስጥ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አለቀስኩ። አስተማሪዋ ውኃ አመጣችልኝ፣ አልጠየቀችኝም።

ዝም አይነቅዝም?

እናቴ የምትወደው ተረት «ዝም አይነቅዝም» ነው። በዚህ ነው ያደግነው። ለትዳርም፣ ለጎረቤትም፣ ለመሥሪያ ቤትም ጠቅሞኛል፣ አልክድም። ያን ቀን መኪናው ውስጥ ግን የእኛ ዝምታ ልክ እንደ በረዶው ከሥር ነበር የነቀዘው። ከላይ ሳቅ፣ ቡና፣ ፎቶ። ከሥር አራት ሰው፣ እያንዳንዱ ለብቻው። ያን ዳገት ብንረግጠው ኖሮ የሚሰበረው በረዶው ብቻ አልነበረም።

ደግሞ ሌላ የሚያሳስበኝ አለ። ምንም አለመሆናችን። ያ ዳገት ከሄድን በኋላ ይናድ አይናድ አላውቅም። ብንወጣውም ምናልባት ይሸከመን ነበር። ተሸክሞን ቢሆን ኖሮ በሰላም ተመልሰን «3 ምንም አይደለም» እያልን በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እንወጣ ነበር። በረዶ መጥፎ አስተማሪ ነው። ስትሳሳት ዘጠኝ ጊዜ ጎሽ ይልሃል። ስንቱ ነገር ላይ እንዲህ ነው የኖርኩት? ሌሊት ሠርቼ፣ እንቅልፍ እየጣለኝ መኪና ነድቼ፣ በሰላም ስለገባሁ ብቻ ልክ ነኝ ያልኩት?

ጋሼን ሳስበው የሚገርመኝ መመለሱ አይደለም። ለመመለስ ያለውን ሁሉ ማስቀመጥ ነበረበት። እዚህ አገር ቋንቋው ጎሎበታል፣ ሥራው መጋዘን ውስጥ ካርቶን መደርደር ነው፣ የቀረው አንድ ክብር ተራራ ማወቁ ነበር። እሱን በረዶው ላይ አስቀምጦ «አላውቀውም» አለ። እኔ ያስቀመጥኩት የአንድ ቅዳሜ ጨዋታ እንኳ አልነበረም፤ እሱንም ሰስቼ ነበር።

አሁን መሣሪያው አለን፣ ተለማምደነዋል። የዳገት ዲግሪ በስልክ እንለካለን። ዳገቱ ለዘብ ያለ፣ ከላዩም የሚያሰጋ ነገር የሌለበትን መንገድ እንመርጣለን፤ እንደዚህ ዓይነት ብዙ አለ፣ ያምራልም። አንድ ደንብም አለን። አንድ ሰው «እንመለስ» ካለ እንመለሳለን፤ ምክንያት አይጠየቅም። አርብ ማታ ትንበያውን አንብቤ በአማርኛ ለሦስቱም በድምፅ እልካለሁ። ረጅም ነው፣ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይሆናል፤ የንፋሱን አቅጣጫ ሳይቀር እነግራቸዋለሁ።

ያለፈው አርብ ማታ ጋሼ ሳይጠብቅ ደወለ። እንደ ሁልጊዜው ሰላምታ ሳይጨርስ «ከሥሩስ ምን ይላል?» አለኝ።

«ብርቱካናማ ነው ጋሼ። ኅዳር ላይ የጣለው አሁንም አልያያዘም።»

ትንሽ ዝም አለ። መስኮቱ ጋ እንደቆመ አውቃለሁ።

«እንግዲያው ቡና አፍዪ» አለኝ። «ጠዋት ሦስታችንም እንመጣለን።»